«እጄ ደነዘዘ፣ እግሬን ወረረኝ»፦ የነርቭ መልእክት የት ላይ እንደተቋረጠ ማወቂያ

በጥምቀት ማግስት አንድ ጎረቤታችን ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ቤታችን መጣ። መዳፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ቀና አድርገው ቢሉት አይሆንለትም። ከከተራ ጀምሮ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነበር ያደረው። «ብርድ መታኝ» አለ። እናቱ «የሰው ዓይን ነው» አሉ። ሌላው ወጌሻ እንጥራ አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «ሌሊቱን ምን ተደግፈህ አደርክ?»

መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር ያደረው። እንቅልፍ ሲጥለው ሙሉ ክብደቱ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርድ ነርቭ አለ። መዳፍን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው እሱ ነው። ለሰዓታት ሲጨፈለቅ ትእዛዝ ማሳለፍ አቆመ። ያን ቀን ነው ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት። ምልክቱን በደንብ ካያችሁት ብልሽቱ የት እንዳለ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እኛ አገር «ሥሩ ተነካ» ሲባል የደም ሥርም፣ ጅማትም፣ ነርቭም ሊሆን ይችላል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የደም ሥር ደም ይወስዳል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል። ነርቭ ወሬ ያደርሳል።

ጤነኛው ነርቭ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ ያስበዋል። እኔ ግን በገጠር ጥሪ ከኮረብታ ኮረብታ ሲተላለፍ ነው የሚታየኝ። አንዱ ይጮኻል። ማዶ ያለው ሰምቶ በራሱ ጉሮሮ እንደገና ይጮኻል። ከሱ ማዶ ያለውም እንዲሁ። አሥረኛው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ድምፁ አልደከመም፤ አሥረኛው ሰው የጮኸው በራሱ ትንፋሽ ነዋ!

የነርቭ ሴልም እንዲህ ነው። ከሽፋኑ ውጪ ሶዲየም ይበዛል፤ ከውስጥ ፖታሺየም። ይህን ልዩነት የሚጠብቅ ፓምፕ አለው። 3 ሶዲየም ባስወጣ ቁጥር 2 ፖታሺየም ያስገባል። ሴሉ ሥራ ሲፈታ ውስጡ ከውጪው 70 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይቆያል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ይኼኛው ከዚያ በሃያ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። መልእክት ሲመጣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ። ሶዲየም ዘልቆ ይገባል፤ ውስጡ ለአፍታ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል። ያ መገለባበጥ አጠገቡ ያለውን በር ያስከፍታል። ከኋላ ደግሞ ፖታሺየም ወጥቶ ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አንዱ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ሆጅኪንና ሀክስሌ የተባሉ እንግሊዛውያን ይህን በዝርዝር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1952 ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ነው። በ1963 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ደስ የሚለኝ ነገር፣ ጩኸቱ ትልቅና ትንሽ የለውም። ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። ከባድ ሕመም ማለት ጩኸቱ ሲደጋገም ነው።

አንዳንዱ ነርቭ ማይሊን በሚባል ስብ ይጠቀለላል። ያኔ መልእክቱ በየሜዳው መቆም ቀርቶ ከጉብታ ጉብታ ይዘላል። እንዲህ ያለው ነርቭ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይሄዳል። ስብ የሌለው ቀጭኑ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። እንቅፋት ሲመታችሁ መጀመሪያ መመታታችሁን ታውቃላችሁ፣ የሚያቃጥለው ሕመም ዘግየት ብሎ ይደርሳል አይደል? ያ ብልሽት አይደለም። ሁለቱ ወሬዎች የመጡት በተለያየ ነርቭ ነው።

«እግሬን ጉንዳን ወረረኝ»

ቡና ሲጠጣ በርጩማ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ይበቃል። ነርቩ ይጨመቃል፤ የሚመግበው ደምም ይቀንሳል። ኦክስጅን ሲያጥር ፓምፑ ይደክማል፣ ጩኸቱ ይቆማል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ደሙ ሲመለስ ነርቮቹ ሳይታዘዙ ይጮኻሉ። የሚወረን ያኔ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። እግሩን ዘርጉ፤ ወረራው እስኪያልፍ ተቀምጣችሁ ቆዩ። ደንዝዞ እያለ ተነስቶ መራመድ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። እሳት ዳር አትውሰዱት፤ ቢቃጠልም አይሰማችሁም።

ክርን ሲመታ ኮረንቲ የሚያዝ የሚመስለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ነርቩ እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳው ሥር አጥንት ተደግፎ ያልፋል። ጩኸቱ የተነሳው መሃል መንገድ ላይ ነው። አእምሮ ግን ከትንሿ ጣት የመጣ ይመስለዋል።

«እጄ ተንጠልጥሎ ቀረ»

የጎረቤታችን ጉዳይ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ጭምቀት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ማይሊኑን ብቻ ነው። ነርቩ ራሱ አልተበጠሰም። ስለዚህ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ድረስ ይመለሳል። እስከዚያ መዳፉን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይደረግለታል፤ ጣቶቹ እንዳይደርቁም በሌላው እጅ ይንቀሳቀሳሉ። እሱም ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተነገረው ይህንኑ ነው።

ወጌሻን አልንቅም። ወልቆ የተመለሰ ትከሻ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የደነዘዘ እጅ ማሸትም ሆነ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር አደገኛ ነው። ሲጠብቅ ደም ይቆማል፤ በዚህ የተነሳ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ።

ነርቩ በቢላ ወይም በጠርሙስ ከተቆረጠ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በቶሎ መሰፋት አለበት። ከተሰፋም በኋላ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ብብት ላይ የተቆረጠ ነርቭ ጣት ለመድረስ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ሁለቱም መርገጫዬ ያቃጥለኛል»

ከጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ የሚወጣ፣ በሁለቱም እግር እኩል የሆነ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ከሆነ፣ ነገሩ ጭምቀት አይደለም። ረጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ሲጎዱ ነው። ጥሪው ብዙ ኮረብታ ባለፈ ቁጥር የሚቋረጥበት ቦታ ይበዛልና።

መጀመሪያ ስኳር ተመርመሩ። የአልኮል ብዛትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያመጡታል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። አይሶናያዚድ የሚባለው መድኃኒት ቢ6ን ያሳጣል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ቢ6 በመጨመር ይስተካከላል። በራሳችሁ ግን «የነርቭ ቫይታሚን» እየገዛችሁ ለወራት አትዋጡ። ቢ6 ሲበዛ እሱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

«እሳት ቢነካኝ አይሰማኝም»

ቆዳ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ማይሊን የሚሠሩት ሴሎች ውስጥ ነው የሚገባው። ከጤና ጣቢያ በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይድናል። እርግማን አይደለም። ሰው ተደብቆ ሲቆይ ጣቱን የሚያሳጣው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሳይሰማው የሚደርስበት ቃጠሎና ቁስል ጭምር ነው።

«እግሩን ጓያ ሰበረው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ጎንደር ተወልዶ ይህን አባባል ያልሰማ የለም። ከከተማችን ወጣ ብሎ ደምቢያ አለ፤ ከዚያ አልፎ ፎገራ። ዋልካው መሬት ላይ ዝናብ ሲያጥር ሌላው እህል ይከስማል፣ ጓያ ግን ይቆማል። ችግር ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው።

ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነርቮች እርስ በርስ ለመነጋገር የሚጠቀሙበትን ግሉታሜት የተባለ ቅመም ይመስላል። ለእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚሰጡትን ሴሎች ያለ እረፍት ያስጮኻቸዋል። መጨረሻው ጉሮሮ ተሰንጥቆ ዝም ማለት ነው፤ ሴሎቹ ይሞታሉ። ምልክቱን ልብ በሉ። እግር ይደርቃል፣ ይጠላለፋል፣ በጣት ጫፍ ያስረግጣል። ሲነኩት ግን ስሜቱ አለ። የሄደው ትእዛዙ ነው፤ ከእግር የሚመጣው ወሬ ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳቱ ያለው ላይ፣ አእምሮና አከርካሪ ውስጥ ነው።

የተጎዳው አይመለስም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ብዙ የተጎዱት ጉልበት ያላቸው ወጣት ወንዶች ናቸውና። መከላከል ግን ይቻላል። በእንፋሎቱ ወይም ማሳው ውስጥ በማለፍ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው፣ ያውም ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን። አልፎ አልፎ የሚበላ ሽሮ እግር አይሰብርም። በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር አብዝቶ መቀላቀል ይሻላል። ከቤተሰቡ አንዱ ሲራመድ እግሩ ከበደኝ፣ ባቴ ተሳሰረ ካለ በዚያው ቀን ጓያ ከገበታ ይነሳ።

«ፊቴ ተጣመመ»

ይህ ሁለት መልክ አለው። የፊት ነርቭ ሲያብጥ ግንባሩም አይሸበሸብም፣ ዓይኑም አይከደንም። በሦስት ቀን ውስጥ መድኃኒት ከተጀመረ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይመለሳል። ማታ ማታ ዓይኑ እንዳይደርቅ ይሸፈን። ግንባሩ እየተሸበሸበ አፉ ብቻ ከወደቀ፣ ወይም አብሮ ክንድ ከደከመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ስትሮክ (የአእምሮ ደም መቋረጥ ወይም መፍሰስ) ነው ብላችሁ ሆስፒታል ሩጡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁም ሩጡ። ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ስትቀጠቅጡ ደቂቃ አትፍጁ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ አንዱ እሱ ነው።