አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት ይሰናዳል? ሐዋሳ ላይ ሦስት ዓመት የያዝኩት ጊታር ያስተማረኝ

ጊታሬ ሐዋሳ የገባው በጥር ወር ነው፤ ከአዲስ አበባ በመጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት የጤፍ ከረጢት መሀል ተጋድሞ። ከውጭ ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ገና የመጀመሪያው ማታ አንስቼ ስመታው ልቤ ቀዘቀዘ። ወፍራሙ ክር ዝዝ ይላል፤ ከአንገቱ መሀል በታች የያዝኩት ኮርድ ሁሉ ይጣመማል፤ የብሪጁን፣ ክሮቹ ታች የሚታሰሩበትን ብረት፣ ዘንግ አንዴ ጫን ሳደርግ ቅኝቱ ተበተነ። ወዲያው ደወልኩለት። «ሸወዱን» አልኩት። «ቆይ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳየው እንጂ» አለኝ።

ልክ ነበር። አሁን ያ ጊታር ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ ካማረርኩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የጊታሩ ሳይሆኑ የአለመስተካከሉ ነበሩ። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያለ ጊታር እንጨቱም ብረቱም ደህና ነው፤ የሚጎድለው አንድ ሰው ተቀምጦ ሁለት ሰዓት የሚያጠፋበት ማሰናዳት ነው። ያንን ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ።

መካከለኛ ዋጋ የምለው ውጭ አገር ከ300 ዶላር ከፍ ብሎ የሚጀምረውን ነው። ያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ፣ የስኳየር ክላሲክ ቫይብ፣ እንዲህ ያሉትን። በብር ስንት እንደሚሆን አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። የእኔንም ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ቅርጹ ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር የተወረሰው ነው፦ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች በአግድም የተተከሉበት (የእኔው 22 አለው) በብሎን የታሰረ አንገት፣ በሞላ የሚንቀሳቀስ ብሪጅ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሦስት ፒክአፕ። ሁለቱ ፒክአፖች ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ናቸው፤ ብሪጁ ጋ ያለው ግን ባለ ሁለት ጥቅል፣ ሃምባከር የሚባለው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ፦ አዲስ ክር፣ ከጊታሩ ጋር የሚመጡት ባለ ስድስት ማዕዘን ትንንሽ ቁልፎች፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ እርሳስ፣ የተማሪ ማስመሪያ፣ ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ። ማስመሪያው ከዜሮው በፊት ባዶ ጫፍ ስላለው ያንን በምላጭ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አለበለዚያ ልኬታችሁ ሁሉ ይሳሳታል።

መጀመሪያ፦ አትክፈቱት

ከመንገድ የመጣ ጊታር ከነቦርሳው ግማሽ ቀን ቤት ውስጥ ይረፍ። አውሮፕላን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ከዚያ የሐዋሳ ሙቀት፤ እንጨት ይህን ሁሉ በአንዴ አይለምደውም።

ሲከፈት መጀመሪያ አንገቱን እዩ። ይህን ያሳዩኝ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ጊታር ይመቱ የነበሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ጊታሩን አገላብጠው ግርጌውን ወደ አገጫቸው አስጠጉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው በአንገቱ ጠርዝ ላይ ቁልቁል አዩ። «ጠማማ አይደለም። ትንሽ ጎብጧል፣ ይመለሳል» አሉኝ። ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የጎበጠ አንገት ይስተካከላል፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን ግን ሳትከፍሉበት መልሱት።

ክሩን ቀይሩ፣ ብሪጁን አስቀምጡ

ከፋብሪካ የመጣው ክር ስንት ወር እንደቆየ አታውቁም፤ ጣሉት። ከ9 እስከ 42 የሚባለው ቀጭን ስብስብ ለጀማሪ ጣት ይበቃል። እዚህ ከተማ የፈለጋችሁት ቁጥር በፈለጋችሁ ቀን ላይገኝ ስለሚችል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኙ ሦስት አራት እሽግ አስመጡ። አሮጌውን አንድ በአንድ እየፈታችሁ አዲሱን ተኩ፤ ሁሉንም በአንዴ ብትፈቱ ብሪጁ በሞላው ተስቦ ይወድቃል። እያንዳንዱ ክር መቃኛው ቁልፍ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ከዞረ ይበቃዋል።

ክሩ ከራስጌው ሲወርድ የሚያልፍበት ነጭ ቁራጭ፣ ነት የሚባለው፣ ስድስት ቦይ አለው። እያንዳንዱን ቦይ በእርሳስ ጫፍ አጥቁሩት። የእርሳሱ ዱቄት ያንሸራትታል፤ ስትቃኙ «ጢ» ብሎ የሚዘለው ክር የሚዘለው እዚያ ስለሚያዝ ነው። በዚህ ዋጋ የሚገኝ ጊታር ላይ ነቱ ብዙ ጊዜ ተራ ፕላስቲክ ስለሆነ ይህች የሁለት ደቂቃ ሥራ ውድ መቃኛ ቁልፍ ከመግዛት ትበልጣለች።

ከዚያ ቃኙት፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። አምስተኛው ክር 110 ኸርዝ ነው። ክሮቹን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ደግማችሁ ቃኙ፤ መውረድ እስኪያቆሙ ድረስ።

ስለ ብሪጁ ዘንግ ቁርጥ ያለ አስተያየት አለኝ፦ አያስፈልጋችሁም። ሰርግ ላይ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚመታ ሰው በመሀል መቃኘት አይችልም። የጀርባውን ክዳን ፍቱ፤ ሞላዎቹን የያዙ ሁለት ረጅም ብሎኖች ታያላችሁ። ሁለቱን እኩል እያጠበቃችሁ ብሪጁ እንጨቱ ላይ ተኝቶ እስኪቀመጥ ድረስ ሂዱ። ዘንጉን ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። የእኔው አሁንም እዚያው ነው።

አንገቱን ማቃናት

አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፤ የክሮቹን ስበት የሚቋቋም። መክፈቻው ብዙዎቹ ላይ በራስጌው በኩል ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ ከአንገቱ ግርጌ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላ እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። ክሩ አሁን ማስመሪያ ሆነ ማለት ነው። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መሀል ቢዝነስ ካርድ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከሰፋ ወደ ቀኝ አጥብቁ፣ ክፍተት ከሌለ ወደ ግራ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ቃኙ፣ ጠብቁ፣ ለኩ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ችኩል ብዬ ግማሽ ዙር ሰጠሁት። ምንም የተለወጠ ስላልመሰለኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳነሳው ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ፍሬት አንድም ድምፅ አይወጣም፤ ክሮቹ ፍሬቶቹ ላይ ተኝተዋል። እንጨት መልሱን ዘግይቶ ነው የሚሰጠው።

የክሩ ከፍታ

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ማስመሪያውን አቁሙ። ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሆድ፣ ወፍራሙ ጋ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ጋ 1.6 ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚቀመጥባት ትንሽ የብረት ኮርቻ አለች፤ ጊታሪስቶች ሳድል የሚሏት። በላይዋ ያሉት ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች ከፍና ዝቅ ያደርጓታል። ዝዝ ካለ በትንሹ ከፍ፣ ጣት ካደከመ ዝቅ።

ቅኝቱ እስከ ታች ድረስ ልክ እንዲሆን

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፣ በተለይ የአገራችንን ዘፈን ለሚመታ።

የጊታሩ ክር ከነት እስከ ኮርቻዋ 648 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በትክክል ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ነው። በሂሳብ ግማሹ ላይ ሲጫኑት አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ነገር ግን ክሩን ስትጫኑት ትስቡታላችሁ፣ ስለዚህ ድምፁ ከሂሳቡ በላይ ይወጣል። ኮርቻዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ይህን ለማካካስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍት ክሩን ቃኙ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሳትጫኑ በጣት ነካ አድርጋችሁ ምቱና የደወል ዓይነት ድምፁን መቃኛው ላይ አንብቡ። ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ክሩ አጥሯል፤ ብሪጁ ጀርባ ያለውን ብሎን በካቻቢቴ አዙራችሁ ኮርቻዋን ወደ ኋላ፣ ከአንገቱ አርቋት። ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቧት። ባስነካችኋት ቁጥር ክፍት ክሩን እንደገና ቃኙ። ስድስቱን ክር ለመጨረስ የእኔ ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቷል።

ከመቃኛው ይልቅ ጆሮዬን የማምነው ግን በቅኝት ነው። ከሲ ተነሥታችሁ ትዝታን ምቱ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። መጀመሪያ ራስጌው ጋ፣ ቀጥሎ ያንኑ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በታች። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ይቆያል፣ የሚደበቅበት ኮርድ የለውም። ጥቂት የተዛባ ኢ እዚያ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ ባቲን ሞክሩ፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ፣ ጊታሩ ፍጹም ተስተካክሎም እንኳ ጆሯችሁ ቅር ሊለው ይችላል። ያ የጊታሩ ጥፋት አይደለም። ዘፋኞቻችንና መሰንቆ መቺዎቻችን ፍሬት በሌለበት ቦታ ያርፋሉ፤ እዚያ ለመድረስ ክሩን በጣት ገፋ ማድረግ ነው። ቀጭን ክር የመረጥኩላችሁም ለዚህ ነው።

ድምፁ፣ ሁምታውና መብራቱ

ፒክአፖቹ ለክሩ በጣም ከቀረቡ ማግኔታቸው ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ከክሩ እስከ ፒክአፑ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ተዉ። ብሪጁ ጋ ያለው የእኔ ሃምባከር ጆሮ ይወጋ ነበር፤ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ለሰለሰ። ብዙ ጊዜ የምመታው ግን አንገቱ ጋ ባለው ነው። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን እየሰማ ያደገ ሰው ንጹሕ ድምፅ ይወዳል።

መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ ያንን እንደ አንቴና ይይዘውና «ሁምምም» ይላል። ሃምባከር የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለተጠመጠሙ አንዱ የያዘውን ጫጫታ ሌላው ያጠፋዋል። ክሩን በእጅ ሲነኩ ሁምታው የሚቀንስ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ጤነኛ ያልሆነውን አንድ ሰርግ ድንኳን ውስጥ አየሁት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ተነሥቷል። ግራ እጄ ክሩ ላይ ነው፤ ዘፋኙን ለመቀበል ወደ ማይኩ ጠጋ ስል ከንፈሬን እንደ ንብ ነደፈኝ። አምፑ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በሌላ ማራዘሚያ ነበር፤ አንደኛው የመሬት መስመር አልነበረውም። መንገዱ የተሟላው በእኔ በኩል ነው። ስለዚህ፦ አምፑንና ሚክሰሩን የመሬት መስመሩ ከተረጋገጠ አንድ ሶኬት አውጡ፤ ሁምታ ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን ሦስተኛ ጥርስ የሚቆርጥ ሳውንድ ማን ካጋጠማችሁ ጊታራችሁን ሰብስቡ፤ ከመዝፈናችሁ በፊት ማይኩን በቴስተር አስነኩት። ትንሽ መንዘርም ቢሆን ይዛችሁ አትቀጥሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ

አንገቱ አሁንም የምወደው ነገር ነው። መቃኛ ቁልፎቹ መሀል ቤት ናቸው። የኬብሉ መሰኪያ፣ የጃኩ፣ ማሰሪያ ብሎን በዓመቱ ስለላላ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ አጠበቅኩት፣ አለቀ። ቮሊዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ነፋሁበት።

ወቅቱን ግን ልብ በሉ። ሐይቁ አጠገብም ሆነን በጋው ይደርቃል፤ እንጨቱ በወርዱ ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ብረት ግን አይኮማተርም። በመጀመሪያው የካቲት አንገቱን ቁልቁል ስዳብሰው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ መዳፌን ቧጨረኝ። በደቃቅ ሞረድ ጫፍ ጫፋቸውን ነካ ነካ አደረግኩት፤ እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የአንገቱ ጉብጠት እንደገና ይለካል።

ሌላው ጠላት አሞራ ገደል፣ የከተማችን የዓሣ ገበያ፣ ነው። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በልቶ፣ እጁን በሶፍት ብቻ ጠርጎ፣ «እስቲ ልንካት» የሚል ጓደኛ ያለው ሰው ክሩ ወር አይቆይለትም። እኔ በር ላይ ሳሙና አስቀምጫለሁ።

የቦርሳው ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ ደብተር አለች። የመጨረሻው መስመር፦ «ሐምሌ፦ ወፍራሙ 2.2፣ ቀጭኑ 1.7፤ አንገት ሩብ ዙር ቀኝ፤ ጂ ኮርቻ ትንሽ ወደ ኋላ።» ጥር ሲመጣ ከዚያ እጀምራለሁ።