ከትንሽ ክለብ ወደ ትልቅ አሳታሚ፦ የአር.ኢ.ኤም. መንገድ ለሮክ ባንዶች

የሮክ ባንዱ አር.ኢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ አቴንስ ከተማ ተመሠረተ። ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠለት አልበም ያወጣው ግን በ1987 ነው። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ዛሬም ሊከተሉት ይቻላል።

ከገንዘቡ ጀምሩ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት የግጥምና የዜማ ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል ጽፋችሁ ፈርሙ። ብዙ ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ አለመግባባት ሳይሆን፣ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ሮያሊቲው (ለዘፈኑ ደራሲ የሚከፈለው ድርሻ) ለአንድ ሰው ብቻ ሲገባና ድራመሩ የቤት ኪራይ ሲያጣ ነው። አር.ኢ.ኤሞች ማን ምን ጻፈ ሳይባባሉ ዘፈኖቻቸውን በአራቱም አባላት ስም አስመዘገቡ። ድራመሩ በ1997 የወጣው በሰላም ነው፤ የቀሩት እስከ 2011 አብረው ዘለቁ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ነጠላ ዜማ ይበቃል። እነሱ በ1981 የቀረፁት ፕሮዲውሰሩ (ቀረፃውን የሚመራው ባለሙያ) ሚች ኢስተር በወላጆቹ ጋራዥ ባቋቋመው ስቱዲዮ ነው። ከ1,000 ሸክላ 600ው በነፃ ለጋዜጠኞችና ለመሳሰሉት ተላከ። እናንተም ከግማሽ በላይ የሆነውን ቅጂ ለሚያሰራጭ ሰው ስጡ፤ ሽፋኑ ላይ ስልካችሁ መኖሩንም ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰው ያረጋግጥ።

ቀጥሎ ጉዞ ነው። ክለቦች ቅዳሜን ለማይታወቅ ባንድ አይሰጡም፤ ሰኞና ማክሰኞን ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ያለበትን ከተማ አስቀድሙ፤ ሸክላውን ከዝግጅቱ ሦስት ሳምንት በፊት ላኩ፤ ተመልካች ሳይረሳችሁም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። እያንዳንዱን ከተማ አንዴ ብቻ የረገጠ ባንድ የትም ተመልካች አያፈራም።

ከሙዚቃ አሳታሚ ውል ሲመጣ ወደ ትልቁ ስም አትሩጡ። በ1982 ትልቁ አሳታሚ አርሲኤ እየፈለጋቸው ትንሹን አሳታሚ አይ.አር.ኤስ. መረጡ። እዚያም ቢሆን አሳታሚው ያመጣው ፕሮዲውሰር በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) እያስመታ ደጋግሞ ሲያስቀርፃቸው ሕይወቱ ከዘፈኑ ወጣ፤ ወደ ኢስተር ለመመለስ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። በ1983 የወጣው «መርመር» አልበም የዚያ ፍሬ ነው። ፈቃድ ከመለመን ፕሮዲውሰር የመምረጥ መብታችሁን ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ወደ ትልቁ አሳታሚ ዋርነር የተሻገሩት በ1988 ነው፤ ሚሊዮን የሸጠ አልበም ይዞ የሚደራደር ባንድ ነፃነቱን ማስከበር ይችላል። ውሉን የሚያነብላችሁ ጠበቃ የራሳችሁ ይሁን፤ አሳታሚው ያገናኛችሁን አትቀበሉ።