ቁስሉ አለ፣ ወረቀቱ የለም፦ የውትድርና ማኅደር ሲታረም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለችኝ። ውክልና እጽፋለሁ፣ የልደት ሰርተፍኬት እተረጉማለሁ፣ ሰኔ ላይ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መቀመጫ ያሳጣኛል። ስለ ጦር ሜዳ ወረቀት የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። ጋሼ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ የሄዱ፣ እዚያ ምድር ጦር ገብተው ኢራቅ የዘመቱ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባግዳድ አቅራቢያ መንገድ ዳር የተቀመጠ ፈንጂ መኪናቸውን መታው። ግራ ክንዳቸው ውስጥ ዛሬም ፍንጣሪ አለ፤ በጣት ሲነኩት ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል። ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀታቸው ላይ ግን ስለ መቁሰላቸው አንዲት መስመር የለም።

የሚፈልጉት ፐርፕል ሃርት ነው። በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለሞተ የአሜሪካ ወታደር የሚሰጥ ሜዳሊያ ነው። ሥሩ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1782 ካቋቋሙት ምልክት ይመዘዛል፤ በዛሬ መልኩ የተጀመረው በ1932 ነው። ነገሩ ደረት ላይ ለማንጠልጠል ብቻ አይደለም። ሜዳሊያው ያለው ሰው በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ በሚሉት፣ ሕክምና ለማግኘት ቅድሚያ አለው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ለቆሰሉት ደግሞ ከኦገስት 2018 ጀምሮ የትምህርት ድጋፉ ሙሉ ሆኗል።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ብዙ ተሳስተናል፤ እኔ ከጋሼ በላይ። ወሬው ወጥቶ ሌሎችም መደወል ጀምረዋል። የሁሉም ስህተት ያው የእኛው ነው።

ጠባሳው ራሱ ይመሰክራል ማለት

ጋሼ መጀመሪያ የሰጡኝ የክንዳቸውን ፎቶ ነው። ኤክስሬይም ተነስተው ነበር። "ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?" አሉኝ። እውነትም ምን አለ ብዬ አመንኩ።

ጠባሳ ሰውዬው መቁሰሉን ይናገራል። ማን እንዳቆሰለው፣ መቼና የት እንደቆሰለ አይናገርም። ደንቡ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቁስሉ ከጠላት ድርጊት የመጣ መሆን አለበት፣ የሐኪም መኮንን ሕክምና ያስፈለገው መሆን አለበት፣ ሕክምናውም መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። አንዱ ከጎደለ ሁለቱ አያቆሙትም። መኪና ተገልብጦበት የቆሰለ ወታደርና ፈንጂ ያቆሰለው ወታደር ጠባሳቸው ሊመሳሰል ይችላል። ሜዳሊያው የሁለተኛው ነው። ውርጭ የጎዳው እግር፣ የሙቀት ምት፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው የጦርነት የአእምሮ ጉዳት፣ ሁሉም ሕመም መሆናቸው አይካድም። ለዚህ ሜዳሊያ ግን አይቆጠሩም።

የጭንቅላት መናወጥ ይቆጠራል። ከጠላት ፍንዳታ የመጣ ከሆነና ራስን እስከ መሳት ወይም ከመደበኛ ግዳጅ እስከ መታገድ ካደረሰ። ብዙ ሰው ደም ስላልፈሰሰው ብቻ "እኔማ አልቆሰልኩም" ብሎ ይተወዋል። ይህን ካነበቡት ውስጥ አንድ እንኳ ካለ ወረቀቱን ዛሬውኑ ይፈልግ።

ሌላም ነገር አለ። የማኅደር እርማት ቦርዱ፣ ማለትም የወታደር መዝገብ ይታረምልኝ የሚል ማመልከቻ አይቶ የሚወስነው የአሜሪካ ጦር አካል፣ ሥራውን የሚጀምረው መዝገቡ ትክክል ነው ከሚል ግምት ተነስቶ ነው። ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአመልካቹ ነው። ቦርዱ መርማሪ አይደለም፤ ተነስቶ ማስረጃ ሊፈልግልን አይሄድም። ያልላክንለትን አያየውም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት በዚያው ሰሞን የተጻፈ ወረቀት ነው። ሜዳ ላይ የተሞላ የሕክምና ካርድ፣ የቁስለኛ ሪፖርት፣ የጤና ጣቢያ ማስታወሻ፣ የሻለቃ ጦሩ የዕለት መዝገብ። የራስን ማኅደር ኤስኤፍ 180 በሚባል ቅጽ በነፃ መጠየቅ ይቻላል።

የጋሼ ማኅደር ሲመጣ መሐሉ ላይ በእጅ የተጻፈች አንዲት የሕክምና ገጽ አገኘን። ቀን አላት፣ ፊርማ አላት፣ ከዚያ "ግራ ክንድ፣ ፍንጣሪ፣ ፈንጂ" ትላለች። ያ ሁሉ ኤክስሬይ የእሷን ያህል አይመዝንም።

ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ

ይሄ የኔ ኃጢአት ነው።

ጋሼ ኢራቅ እያሉ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይይዙ ነበር፤ በአማርኛ። ያን ቀን የጻፉት አጭር ናት። "ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ተመታን። ሁላችንም አለን።" እኔ ቅልጥፍ ብዬ ማመልከቻው ላይ ጁላይ 15፣ ሁለት ኤኤም ብዬ ጻፍኩት። ሐምሌ 15 ግን ጁላይ 22 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደግሞ በእነሱ ስምንት ሰዓት ነው። የሕክምናዋ ገጽ ጁላይ 22 ትላለች፣ ማመልከቻው ጁላይ 15 ይላል። ፋይሉን ለሚያነብ ሰው እነዚህ ሁለት የተለያዩ ፍንዳታዎች ናቸው። አለዚያም ጋሼ የሚናገሩትን አያውቁም።

ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ሰባት ቀንና ስድስት ሰዓት ተሳስቼ አምስት ወር አስከፈልኳቸው። ጋሼ አልተቆጡም፤ "ምን ታደርገው፣ ኢራቅም ሳለሁ እኔው ነበርኩ የምደናገረው" ብለው ሳቁ። እኔን ግን ዛሬም ያመኛል።

የዓመቱ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት መሆኑን ማንም ያውቃል። የሚያዘናጋው ቀኑ ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ የካቲት ድረስም ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የደብተሩን ቃል እንዳለ እተረጉማለሁ፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን እጽፋለሁ፣ ከጎኑ የተቀየረውን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ከዜሮ ጀምሮ እንዲቆጥረው አደርጋለሁ። ደብተሩን ደብቀው የሚያስቀሩ አሉ፤ አማርኛ ስለሆነ አይጠቅምም ብለው። በዚያው ቀን የተጻፈ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚነገር ትዝታ ይበልጣል።

ስም

አጭር ነው ግን ያሰናክላል። ዲቪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ጦሩ ውስጥ በሌላ፣ ዜግነት ሲያገኙ በአያት ስም። ጋሼ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። ሁሉም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ከነማስረጃው ማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ይግባ። ለእኛ የአባት ስም ነው፣ ለእነሱ የቤተሰብ ስም፤ ይህን ማንም አይገምትልንም።

አንድ ቃል በሦስት ፊርማ

መዝገቡ ሲሳሳ የምስክር ቃል ይደግፈዋል። ቢያንስ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ከራሱ ከአመልካቹ ሌላ፣ ያኔ አብረው የነበሩና በዓይናቸው ያዩ።

ጋሼ ከጓዶቻቸው ሁለቱን አገኟቸው። ሁለቱም ቴክሳስ ናቸው። እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻልና ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ወጥተን እንደውል ነበር። ጋሼ ቤት ውስጥ ሆነው ስለዚያ ቀን ማውራት አይወዱም። እኔ የመጣልኝ ዘዴ አንድ ጥሩ ቃል በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጽፌ ለሁለቱም መላክ ነበር። ይፈርሙና ይመልሱታል፤ አለቀ።

ደግነቱ አንደኛው ሰውዬ እምቢ አለ። "እኔ ያላየሁትን አልፈርምም" አለ። እሱ ሾፌሩ ነበር። የጋሼን ክንድ ሲታሰር አላየም፤ ያየው መሪው ላይ የተረጨውን ደም ነው። ሌላኛው ከኋላ መኪና ነበር። ጋሼን ጎትቶ ያወጣው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ አብሯቸው የሄደው እሱ ነው። ሁለቱ የጻፉት አይመሳሰልም። አንዱ መኪናው ሁለት ሜትር ተነስቷል ይላል፣ ሌላው ከመሬት አልተነሳም ይላል። እኔ ላስታርቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ "ተወው፣ ሁለቱም ያዩት ነው" አሉኝ።

ተወት አደረግኩት። ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ምስክርነቶች ያነበበ ሰው የሚያስበው አንድ ጸሐፊ ነው። እያንዳንዱ የት እንደቆመ፣ ማዕረጉና ምድቡ ምን እንደነበር፣ ምን እንዳየ፣ ማን እንዳከመ በራሱ ቃል ይጻፍ። "ኋላ ሲነግሩኝ ሰማሁ" የሚል ቃል ጉልበት የለውም። የሚስትም ቃል እንዲሁ። እቴቴ ጋሼ በሌሊት ክንዳቸውን ይዘው እንደሚነሱ ልትመሰክር ትችላለች፤ ፈንጂው ሲፈነዳ ግን ባሕር ዳር ነበረች።

ማጋነንም አለ። ትንሽ ቁስል ትንሽ ተብሎ ይጻፍ። ሜዳሊያው የቁስሉን ስፋት በሜትር አይለካም፤ የተጋነነ አንድ መስመር ግን ቀሪውን ሁሉ ያስጠረጥራል።

ማህተም ፍለጋ

እኛ ያለ ማህተም አናምንም። ጋሼም ወረቀታቸውን ቀበሌ ወስደው ሊያስመቱ ተነስተው ነበር። ክብ፣ ሐምራዊ፣ ደማቅ። ዲዲ 149 የሚባለው የእርማት ማመልከቻ የቀበሌ ማህተም አይጠይቅም፤ የራስ ፊርማ ነው የሚጠይቀው። ለቃል መስጫም ቢሆን የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በመሐላ ፈንታ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይቀበላል። ቃሉ እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ቢሆን እንደሚያስጠይቅ ማወቅን፣ ቀንንና ፊርማን ይይዛል። ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ የሚፈርም ሰው "በአሜሪካ ሕግ መሠረት" የሚለውን ሐረግ መጨመር አለበት። ጓደኛ ነግሮት ለአንድ ማህተም አዲስ አበባ ድረስ የሚወርድ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ዋናውን ወረቀትም አትላኩ። ጥርት ያለ ቅጂ ይበቃል።

ደረጃውን መዝለል

ሰው ሁሉ "ቦርድ" የሚለውን ስም ሰምቶ በቀጥታ ወደዚያ ይሮጣል። ቦርዱ የመጨረሻው በር ነው። በመጀመሪያ የራስ ጦር ክፍል የሽልማት ጉዳይ ቢሮ ይጠየቃል። እዚያ ሳይጠየቅ የመጣን ማመልከቻ ቦርዱ ሳያይ ሊመልሰው ይችላል። ቢሮው አይሆንም ካለ፣ የእምቢታው ደብዳቤ ተያይዞ ወደ ቦርዱ ይኬዳል። ምድር ጦር የራሱ ቦርድ አለው፣ አየር ኃይልም የራሱ፤ የባሕር ኃይሉና የማሪኖቹ አንድ ነው። አባላቱ ሲቪሎች ናቸው። አብዛኛውን ጉዳይ የሚወስኑት አመልካቹን ሳያዩ፣ ከወረቀት ነው። ዲዲ 293 የሚባለውን ቅጽ የሚሞሉም አሉ፤ እሱ የስንብት ዓይነትን ለማስቀየር ነው፣ ለሜዳሊያ አይሆንም።

አንዳንዶች የቃኘው ሻለቃ አባታቸውን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ቃኘው ኮሪያ ውስጥ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል፤ እውነት ነው። እነዚህ ቦርዶች የሚያርሙት ግን የአሜሪካን ጦር አባላት ማኅደር ብቻ ነው።

ቪኤ ካመነኝ ምን ቀረኝ

ቪኤ ለጋሼ ክንድ የአካል ጉዳት ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ ሜዳሊያው የማይቀር መሰላቸው። ቪኤ የሚጠይቀው ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር ይያያዛል ወይ ብሎ ነው። ልምምድ ላይ የተሰበረ እግርም ይያያዛል። ሜዳሊያው የሚጠይቀው ጠላት አደረሰው ወይ ብሎ ነው። የቪኤውን ውሳኔ አያይዙት፤ ብቻውን ግን አትደገፉበት።

ጊዜው አልፏል፣ ተቃጥሏል

ሕጉ ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይሰጣል። ካለፈ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል፤ ለምን እንደዘገዩ ግን በግልጽ ይጻፉ። በጁላይ 1973 በሴንት ሉዊስ መዝገብ ቤት የተነሳው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር በልቷል። በአብዛኛው የተቃጠለው ከ1960 በፊት የተሰናበቱ የምድር ጦር ሰዎች ማኅደር ነው። ኢራቅ የዘመተ ሰው በዚያ እሳት ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም።

የሕይወት ታሪክ መጻፍ

ጋሼ መጀመሪያ የነገሩኝ ከልጅነታቸው ይጀምር ነበር። አሥራ አንድ ገጽ ወጣው። የመጨረሻው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ምን እንዲታረም እንደሚፈልጉ በመጀመሪያው መስመር፦ ዲዲ 214 ላይ ፐርፕል ሃርት ይጨመር፣ ማስተካከያው ዲዲ 215 ይሰጥ። ቀጥሎ ቀኑ፣ ቦታው፣ ምድቡ። ቀጥሎ የማስረጃው ዝርዝር።

አንዴ እምቢ ሲሉ መተው

ቦርዱ ውድቅ ካደረገ፣ ቀድሞ ያልቀረበ ማስረጃ ይዞ እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ያንኑ ወረቀት መልሶ መላክ ግን ከንቱ ድካም ነው። ትዕግሥትም ይጠይቃል። ሕጉ ቦርዶቹ ከጉዳያቸው 90 በመቶውን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር እንዲጨርሱ ያዛል።

እኛ ገና በመጀመሪያው በር ላይ ነን። የታረመው ማመልከቻ የሄደው በጥር ነው። ጋሼ በየሳምንቱ ብቅ ብለው "ምን አሉ?" ይላሉ፣ "ገና ነው" እላለሁ፣ የዘጌ ቡና አዘን እንጠጣለን። ትናንት ግን አንድ ፎቶ ይዘው መጡ፤ ከእቴቴ ሻንጣ ሥር የተገኘ። ጋሼ ድንኳን ደጃፍ ተቀምጠዋል፣ ግራ ክንዳቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ከኋላው በእርሳስ "ሐምሌ 16" ይላል።

ጁላይ 23። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።