ፒችትሪ በኔትወርክ አልከፍት ሲል ከየት ተጀምሮ እንዴት ይፈተሻል

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋይናንስ ክፍል ሁሉም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይ ደብል ክሊክ አድርጎ ይጠብቃል፣ ከዛ ወይ ፐርቬሲቭ (የፒችትሪ ዳታቤዝ ፕሮግራም) ሰርቨሩ (ዳታው ያለበት ኮምፒውተር) ላይ አልተነሳም የሚል ኤረር ይመጣል ወይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የቫት ማሳወቂያ ቀን ከደረሰ ወይ ሰኔ 30 ሂሳብ የሚዘጋበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። እንደዚህ ሲሆን ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚሄደው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ወይ ባክአፕ ሪስቶር ወደ ማድረግ ነው፣ እባካችሁ ሁለቱንም አታድርጉ። እኔ ካየሁት አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ደህና ነው፣ የተዘጋው ወደ ዳታው የሚወስደው መንገድ ነው።

አንድ መስሪያ ቤት ተጠርቼ ስሄድ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ፒችትሪ አልከፍት ብሎ፣ እዛ የነበረው ልጅ ደንግጦ ባክአፕ ሪስቶር አድርጎ ነበር፣ ያውም ነባሩ ካምፓኒ (ፒችትሪ ውስጥ ያለው የድርጅቱ ዳታ) ላይ። ባክአፑ ደግሞ የ17 ቀን ነበር። ያ ሁሉ ደረሰኝ ከወረቀት እንደገና ተመዘገበ፣ ካሸሯ እያለቀሰች ነው ስትመዘግብ የነበረው። ችግሩ የነበረው ሰርቨሩ ሲነሳ የፐርቬሲቭ ሰርቪስ አብሮ አለመነሳቱ ብቻ ነው፣ ስታርት የሚለውን መጫን ይበቃው ነበር። ይሄን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አሰራሩን እንረዳ

ፒችትሪ (እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፣ እኛ ጋ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የሚባለው) ዳታውን የሚጽፈውና የሚያነበው ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ኢንጅን በኩል ነው። እያንዳንዱ ካምፓኒ ሰርቨሩ ላይ የራሱ ፎልደር አለው፣ ውስጡ መጨረሻቸው ዳት የሚል ብዙ ፋይሎች አሉ። ስለዚህ ከሌላ ኮምፒውተር ለመክፈት ሁለት በር መከፈት አለበት፣ አንዱ ሼር የተደረገው ፎልደር ነው፣ ሌላው ሰርቨሩ ላይ ያለው ፐርቬሲቭ ነው። "ፎልደሩማ ይታየኛል እኮ፣ ለምንድነው የማይከፍትልኝ" የሚሉ ሰዎች አንዱን በር ብቻ አይተው ነው።

ምንም ሳትነኩ ጠይቁ

የማይከፍተው ለሁሉም ነው ወይስ ለአንድ ሰው ብቻ? ሰርቨሩ ላይ ራሱ ሲሞከር ይከፍታል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግማሹን ስራ ይጨርሱላችኋል። ሰርቨሩም ላይ ካልከፈተ ኔትወርኩን ተዉት፣ ችግሩ እዛው ነው። ሰርቨሩ ላይ ከፍቶ ለሁሉም ክላየንት (ከሰርቨሩ ዳታ የሚከፍቱት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች) እምቢ ካለ ፋየርዎል፣ ሼሪንግ ወይ አይፒ (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ) ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስሩ፣ የሌሎቹን ስራ አታስቁሙ። ኤረሩንም በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ኦኬ ተብሎ ከጠፋ በኋላ "ምን ይል ነበር" ማለት ከባድ ነው።

ሰርቨሩ ላይ

ሰርቨር የምንለው አብዛኛው ቢሮ ውስጥ የዋናው አካውንታንት ዴስክቶፕ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስሊፕ ገብቶ እንዳይሆን እዩ፣ ሰውየው ለስብሰባ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ የሌላው ሁሉ ፒችትሪም አብሮ ይቆማል። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስሊፕን ኔቨር በሉት።

ቀጥሎ ሰርቪሶች ውስጥ ግቡና ፐርቬሲቭ ወርክግሩፕ ኢንጅን የሚለውን ፈልጉ። ራኒንግ ካላለ ስታርት በሉት፣ ስታርታፕ ታይፑን አውቶማቲክ አድርጉት። ታስክ ማናጀር ላይ በደብልዩ 3 ጀምሮ ዲቢኤስኤምጂአር የሚል ፕሮሰስ ካያችሁ ኢንጅኑ ተነስቷል ማለት ነው። ስታርት ብላችሁ ወዲያው ተመልሶ ከቆመ አንቲቫይረሱን እዩ፣ ያንኑ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ወስዶት ሊሆን ይችላል፣ ኳራንቲን (የታገዱ ፋይሎች ማቆያ) ውስጥ ካገኛችሁት መልሱትና ኤክስክሉዥን (አትንካ የሚባሉት ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት።

እዚህ ላይ ደርሳችሁ ሰርቨሩ ላይ ከከፈተ፣ ሁሉም ሰው ወጥቶ ፐርቬሲቭ ቆሞ እያለ የካምፓኒውን ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ወይ ኤክስተርናል ላይ አስቀምጡ፣ ከዛ ፐርቬሲቭን መልሳችሁ አስነሱት። አስር ደቂቃ ቢወስድ ነው፣ ከዛ በኋላ በተረጋጋ እጅ ትሰራላችሁ።

ክላየንቱ ሰርቨሩን ያየዋል?

ክላየንቱ ላይ ሲኤምዲ ክፈቱና ሰርቨሩን ፒንግ አድርጉ (ይመልስ እንደሆነ ሞክሩት)፣ አንዴ በአይፒ አንዴ በስም። በአይፒም ካልመለሰ የኬብሉን መብራት እዩ፣ ስዊቹ ላይ አውጥታችሁ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩት። ዋይፋይ ላይ ከሆነ ደግሞ የትኛው ዋይፋይ ላይ እንዳለ ተመልከቱ፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሰርቨሩ 192.168.1 ላይ ሆኖ ክላየንቱ 192.168.0 ላይ ካገኛችሁት ሁለቱ ሌላ ሌላ ኔትወርክ ላይ ናቸው፣ ልጁ ኢንተርኔት ሲቆራረጥበት የእንግዳ ዋይፋይ ወይ የስልኩን ሆትስፖት ይዞ ይሆናል። በነገራችን ላይ ፒችትሪን በኬብል ነው መጠቀም ያለባችሁ፣ ዋይፋይ ሲቆራረጥ እየተጻፈ ያለ ዳታ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ያኔ እውነተኛ የዳታ ብልሽት ይመጣል።

በአይፒ መልሶ በስም ካልመለሰ ክላየንቱ ስሙን ወደ አይፒ መቀየር አልቻለም ማለት ነው፣ ሆስትስ የሚባለው ፋይል ላይ የሰርቨሩን አይፒና ስም ጻፉለት። ይሄ ግን የሚሰራው አይፒው ቋሚ ከሆነ ብቻ ነው። ራውተሩ በዲኤችሲፒ፣ ማለትም በራሱ፣ አይፒ የሚያድል ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰርቨሩ አይፒ ሊቀየር ይችላል፣ ትናንት የሰራው ዛሬ እምቢ የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው፣ ስለዚህ የሰርቨሩን አይፒ ስታቲክ (ቋሚ) አድርጉት።

ፎልደሩና ፐርሚሽኑ

ፒንግ እየሰራ ሼር ፎልደሩ አልከፍት ካለ ሰርቨሩ ላይ ኔትወርኩ ፐብሊክ ወይስ ፕራይቬት እንደሆነ እዩ፣ አዲስ ራውተር ሲገባ ወይ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ወደ ፐብሊክ የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ፐብሊክ ሲሆን ደግሞ ሼሪንግ ይዘጋል። ፓስወርድ ከጠየቀና የሰርቨሩ ዩዘር ፓስወርድ ከሌለው አትልፉ፣ ዊንዶውስ ፓስወርድ በሌለው ዩዘር በኔትወርክ አያስገባም፣ ፓስወርድ ስጡት። ፓስወርዱ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ክላየንቱ አሮጌውን ይዞ ነው የሚሞክረው፣ ክሬደንሻል ማናጀር (ዊንዶውስ ፓስወርድ የሚያስቀምጥበት) ገብታችሁ አሮጌውን አጥፉለት።

ፐርሚሽን ሁለት ቦታ አለ፣ ሼሪንግ ታብ ላይና ሴኩሪቲ ታብ ላይ፣ ከሁለቱ ጠበብ ያለው ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ ለፒችትሪ ተጠቃሚዎቹ ሁለቱም ላይ ፉል ኮንትሮል ስጡ፣ ለኤቭሪዋን ግን አትስጡ፣ የድርጅቱ ሂሳብ ነው። ከዛ በአይን አይታችሁ አትመኑ፣ ከክላየንቱ ሆናችሁ ፎልደሩ ውስጥ ባዶ የጽሁፍ ፋይል ፍጠሩና መልሳችሁ አጥፉት፣ ሁለቱም ከሰራ ፐርሚሽኑ ልክ ነው።

ሰርቨሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይ ሰርቨር 2003 የሆነበት ቢሮ አሁንም አለ። አዲሱ ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የድሮውን የሼሪንግ ፕሮቶኮል፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ አብሮ አይጭንም፣ ስለዚህ አዲስ የተገዛ ኮምፒውተር አሮጌውን ሰርቨር አያገኘውም። ክላየንቱ ላይ ማብራት ይቻላል ግን በዛው በ2017 ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ፕሮቶኮል ክፍተት ነው፣ ለዚያን ቀን አብሩና ሰርቨሩን ለመቀየር ወዲያው ጠይቁ።

ፋየርዎል

ፎልደሩ ተከፍቶ ፒችትሪ ግን ፐርቬሲቭን አላገኘሁም ካለ ሁለተኛው በር ነው የተዘጋው። ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎሉን ለሁለት ደቂቃ አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ከከፈተ ጥፋተኛው ተገኘ፣ ግን አጥፍታችሁ እንዳትሄዱ፣ መልሳችሁ አብሩትና ኢንባውንድ ሩል (ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የሚፈቅደው ዝርዝር) ላይ ቲሲፒ ፖርት 3351 እና 1583ን ክፈቱ። አንቲቫይረሱ የራሱ ፋየርዎል ካለው እዛም ላይ እንደዛው።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ

ክላየንቱ "ይከፍትልኛል" ሲል ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። አንድ ቦታ ሁለት አካውንታንቶች የባንክ ሂሳባቸው አልገናኝ ብሎ ሲጣሉ ነበር፣ ሳየው አንዷ ላፕቶፕዋ ላይ ያለ ኮፒ ላይ ነው ስትሰራ የከረመችው፣ ሰርቨሩ እምቢ ያለ ቀን የሆነ ሰው ካምፓኒውን ወደ እሷ ኮምፒውተር ገልብጦ "በዚህ ስሪ" ብሏታል። ይሄን ለማየት ፒችትሪ ውስጥ ሄልፕ፣ ከዛ ከስተመር ሰፖርት፣ ከዛ ፋይል ስታቲስቲክስ ክፈቱ፣ ካምፓኒው ያለበትን ፎልደር ያሳያችኋል። ክላየንት ላይ ሆናችሁ በሲ የሚጀምር ካያችሁ ቁሙ፣ ማፕ የተደረገው ድራይቭ ፊደል ወይ የሰርቨሩ ስም ነው መሆን ያለበት። መንገዱ የሚጻፈው የፒችትሪ ኢኒ (ሴቲንጉ የሚቀመጥበት) ፋይል ውስጥ ዳታፓዝ የሚለው መስመር ላይ ነው፣ ከመቀየራችሁ በፊት ኢኒውን ኮፒ አድርጉት። የፒችትሪው ቨርዥንና አፕዴትም ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ አይነት ይሁን፣ የ2010ን ዳታ በአዲስ ቨርዥን ከፍታችሁ ኮንቨርት ካደረጋችሁት የድሮው ከእንግዲህ አይከፍተውም።

ባክአፕ ሪስቶር ማድረግ የግድ ከሆነ ደግሞ ኤክዚስቲንግ ካምፓኒ የሚለውን ሳይሆን ኒው ካምፓኒ የሚለውን ምረጡ፣ ነባሩ ሳይነካ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ።

ስትጨርሱ መከፈቱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ሁለት ክላየንት ላይ ሁለት ሰው አስቀምጡ፣ አንዱ የጠዋቱን አንድ ትክክለኛ ደረሰኝ ይመዝግብ፣ ሌላው ሪፖርቱን ከፍቶ ያንን ደረሰኝ ይፈልግ። ካገኘው ሁለቱም አንድ ዳታ ላይ ናቸው።