ንጹሕ የበቆሎ መስመር በሁለት ወቅት፦ የሀፕሎይድ አሠራር

ከተዳቀለ በቆሎ የማይለዋወጥ መስመር፣ ማለትም ዘሩ ሁልጊዜ ራሱን የሚመስል በቆሎ፣ ለማውጣት በተለመደው መንገድ ከ6 እስከ 8 ትውልድ ራሱን በራሱ ማዳቀል ያስፈልጋል። በሀፕሎይድ፣ ማለትም የክሮሞዞሙ (የዘረመል ተሸካሚው) ቁጥር ግማሽ በሆነ ተክል፣ ግን ሁለት ወቅት ይበቃል። ባሕር ዳር ዙሪያ ክረምቱን በዝናብ፣ በጋውን እንደ ቆጋ ባለ መስኖ መሥራት ይቻላል። በቆሎ 20 ክሮሞዞም አለው፤ ሀፕሎይዱ 10 ብቻ ነው። ያ 10 እጥፍ ሲደረግ ጥንዶቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

በክረምት ዲቃላውን እናት፣ «ሀፕሎይድ አምጪ» የሚባለውን ልዩ ዝርያ አባት አድርጉ። አምጪው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያብባል፣ ብናኙም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በሳምንት ልዩነት በሦስት ዙር ዝሩት። የእናቲቱን ራስ ጢም ሳታወጣ በከረጢት ሸፍኑ። የአምጪውን ብናኝ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ረፋድ ላይ ሰብስባችሁ በእናቲቱ ጢም ላይ አራግፉ፤ የረጠበ ብናኝ ተጓጉሎ ይበላሻል።

ዋናው ሥራ ለቀማው ነው። ሐምራዊው ቀለም ከአምጪው የሚመጣ ምልክት ነው። አናቱ ሐምራዊ፣ ሽሉ ነጭ የሆነው ፍሬ ሀፕሎይድ ነው። ሁለቱም ሐምራዊ ከሆኑ ተራ ዲቃላ ነው፤ ጨርሶ ቀለም ከሌለው የሌላ በቆሎ ብናኝ ገብቶበታል። ከጥሩ አምጪ ከ100 ፍሬ ከ6 እስከ 10 ያህል ይገኛል። ሳይደርቅ የተሸለቀቀ በቆሎ ቀለሙ ፈዛዛ ስለሚሆን ያሳስታል። ቀለሙን የሚያፍን ዘረመል ያለው በቆሎም አለ፤ በሰፊው ከመግባታችሁ በፊት በጥቂት ራስ ፈትሹት።

የተለቀመውን በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ አብቅሉ። ቡቃያው 2 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉን ብቻ በስሱ ቁረጡ፤ ወደ ታች ከወረዳችሁ ማደጊያውን ትገድሉታላችሁ። በ1 ሊትር ውኃ 0.4 ግራም ኮልቺሲን (ክሮሞዞሙን እጥፍ የሚያደርገው ኬሚካል) እና 5 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ (ኮልቺሲኑን ወደ ቡቃያው የሚያሰርግ ፈሳሽ) በጥብጣችሁ፣ ቡቃያውን ለ12 ሰዓት በጨለማ ንከሩት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ እጠቡት። ኮልቺሲን መርዝ ነው፣ ዲኤምኤስኦ ደግሞ በቆዳ ያሳልፈዋል፤ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ ጋዝ መሳቢያ አትንኩት። የታጠበበትን ውኃ ጭምር በተዘጋ ዕቃ ሰብስባችሁ ለኬሚካል ቆሻሻ አስረክቡ። ወደ ጣና ወይም ዓባይ በሚወርድ ቦይ ማፍሰስ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ችግኙ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ በጋው መስኖ አዛውሩት፤ ደካማ ስለሆነ ውኃ የሚቋጥር መሬት አይሆነውም። ግንዱ ሐምራዊ ሆኖ የሚገዝፈው በስህተት የተለቀመ ዲቃላ ነውና ንቀሉት። ሲያብብ በየማለዳው ዙሩ፦ ብናኝ የሚሰጠው ምናልባት ከወንዴ አበባው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይሆናል። ያንኑ በራሱ ጢም ላይ አራግፉ። ከአንድ ራስ አምስት ፍሬ ብቻ ቢገኝ እንኳ አንድ መስመር ስለሆነ ለብቻው ቁጥር ሰጥታችሁ አስቀምጡት።