የሚጾም፣ ጸበል የሚገባ፣ ቋንቋችሁን የማይችል ታካሚ ሲመጣ

ተመርቃችሁ የመጀመሪያ ምደባችሁ ካደጋችሁበት ርቆ ከሆነ፣ ወይም ከየክልሉ ታካሚ ሪፈር ተብሎ በሚመጣበት ሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነ ይህን አንብቡ። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር የሁሉንም ባህል ሸምድዶ መጨረስ አይቻልም። አያስፈልግምም። እንዲያውም «የዚህ አካባቢ ሰው እንዲህ ነው» የሚል ዝርዝር በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ከገባችሁ ያሳስታችኋል፤ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እህትማማቾች እንኳ አንዷ ጸበል፣ ሌላዋ ጸሎት ቤት ልትሄድ ትችላለች። ምን እንደምትጠይቁና እንዴት እንደምትጠይቁ ካወቃችሁ ግን የትም ብትመደቡ ትሠራላችሁ።

ከሰላምታው ጀምሩ። አዛውንት ሰው ፊታችሁ ተቀምጠው ካርድ ካርዱን እያያችሁ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ካላችሁ ከዚያ በኋላ የሚነገራችሁ ሁሉ ግማሽ ነው። «እርስዎ» በሉ፣ አገሩ «አንቱ» የሚል ከሆነ «አንቱ» በሉ። አባባ፣ እማማ፣ ሼህ፣ ሐጂ፣ የትኛው እንደሚሻል ካላወቃችሁ አስታማሚው እንዴት እንደሚጠራቸው ስሙና ተከተሉ። አፋር ውስጥ ደግሞ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ከብቱስ። ያን ዘላችሁ ቀጥታ ወደ ምርመራ ብትገቡ እንደ ንቀት ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ሁለት ደቂቃ ስጡት። ፍየሎቹ እያስወረዱ እንደሆነ ወይም ጎረቤት በትኩሳት እንደወደቀ የምትሰሙትም እዚያው ወሬ ውስጥ ነው፣ ለምርመራችሁ ይጠቅማል።

አስተርጓሚ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ጋ ስለሆነ። ታካሚዋ አማርኛ አትችልም፣ ባለሙያው ኦሮምኛ አይችልም፣ ኮሪደሩ ላይ «የሚችል ሰው አለ?» ይባላል፣ ጥበቃው ይመጣል ወይም ልጇ ይገባል። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያየሁት ልጅ ገና ታዳጊ ነበር። ሐኪሙ እናቱን የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠየቃት። ልጁ መሬት መሬት አየ፣ እናቱን በኦሮምኛ የሆነ ነገር አላት፣ እሷም አጠር አድርጋ መለሰች፣ እሱም «ደህና ነኝ ትላለች» አለ። ካርዱ ላይ እንደዚያው ተጻፈ፣ ራጅም ታዘዘ። ቋንቋውን የምትችል ነርስ ራጅ ክፍል በር ላይ አግኝታ ባትጠይቃት ኖሮ ነፍሰ ጡር መሆኗን ማንም አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ልጅን፣ ባልን፣ አማትን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አታስተርጉሙ። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ፈልጉ፤ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ጤና ጣቢያ ካለ ደውሉለትና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። ስታወሩ ዓይናችሁ ታካሚዋ ላይ ይሁን። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ብላችሁ በአንዴ ከደረደራችሁ የሚመለስላችሁ «የለም» ብቻ ነው። መስማት ለተሳነው ታካሚም እንዲሁ፤ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ከታጣና እሱ ማንበብ ከቻለ ጻፉለት። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ገባዎት?» አትበሉ፣ ባይገባውም ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ እስቲ ይንገሩኝ» በሉ።

ቀን ስትጠይቁም ሰውየው በሚቆጥርበት ቁጠሩ። «ቀኑን አላውቀውም» የምትል እናት «ከሚካኤል ማግስት ነበር» ወይም «የአረፋ ሰሞን» ስትል ግን አትሳሳትም። ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፤ ከዚያ ተነስታችሁ ማስላት ነው። አልትራሳውንድ የሚያወጣው የመውለጃ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ስትነግሯት ቀይሩላት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ ያገራችሁን ሰው የምታክሙ ደግሞ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ፤ «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» የተባሉ እናት በእኛው አቆጣጠር እስከ ከሰዓት ሊጠብቁ ይችላሉ። «ከቁርስ ጋር» ብትሏቸው ይሻላል።

ጾም። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውሃ የማይቀምስ ብዙ ነው፤ ረመዳን ላይ ከንጋት እስከ መግሪብ ነው። የጠዋቱ መድኃኒት ታዲያ ወይ ይዘለላል ወይ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ውጦ ሳይበላ የሚውል ሰው ስኳሩ ወርዶ ቅዳሴ መሀል ሊወድቅ ይችላል። ጾሙ ሳይገባ አንድ ወር ሲቀረው «ሊጾሙ አስበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይጾሙ» ብሎ መሸኘት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ እሺ ብለው ወጥተው ይጾማሉ። ቁርኣን ለታመመ ሰው እንዳይጾም ፈቅዷል፣ ነፍስ አባትም ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ ግን ፈቃዱ ከኢማሙ ወይም ከነፍስ አባት አፍ ሲሰማ ነው ልብ የሚያርፈው። «ስለሚወስዱት መድኃኒት ይንገሯቸውና ያማክሯቸው» በሉ። እጾማለሁ ካሉ ከሐኪሙ ጋር መጠኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ስኳራቸው ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው ጾሙን እንዲያቋርጡ ከወዲሁ ተስማሙ።

ጸበል ላይ ከታካሚ ጋር የሚጣላ ባለሙያ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ከተጣላችሁ ታካሚው ጸበሉን ሳይሆን እናንተን ነው የሚተወው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ጸበል ገብተው መድኃኒቱን ያቋረጡ ነበሩ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። እናንተም ይህንኑ ንገሯቸው። ከዚያ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ የያዙት መድኃኒት ይበቃቸው እንደሆነ፣ እዚያ አካባቢ የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለ ጠይቁ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ታካሚ ከሆኑ በቀን ምን ያህል ጸበል እንደሚጠጡ ሳትጠይቁ እንዳትለቋቸው። የባህል መድኃኒትም እንዲሁ፤ «እስካሁን ምን ምን ሞከሩ?» ስትሉ ይነግሯችኋል፣ «ምን አጠጥተውህ ነው?» ካላችሁ ይደብቃሉ።

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ለምዶብናል። ለሙስሊሟና ለፕሮቴስታንቷ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» በሏት። ገንፎ ይዘው የመጡ ዘመዶችን በር ላይ አትመልሱ። ተንበርክካ መውለድ የምትፈልግ እናት ጤንነቷ እስከፈቀደ ድረስ ትንበርከክ። አፋር ወይም ሶማሌ ክልል ተገርዛ የተሰፋች እናት ስትመጣ ፊታችሁ አይለዋወጥ፣ ባልደረባ ጠርታችሁም አታሳዩ። መቼና እንዴት እንደሚከፈት በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ፣ ምጥ ሳይመጣ ተነጋገሩ። ከወለደች በኋላ መልሳችሁ ስፏት ከተባላችሁ ግን መልሱ አይሆንም ነው፣ በትሕትና ግን ቁርጥ አድርጋችሁ።

ከባድ ውጤት ሲመጣ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይይዛችኋል። «ካንሰር መሆኑን ለእሱ እንዳትነግሩት።» ክፋት የለበትም፤ መርዶ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ በሚነገርበት አገር ያደገ ሰው ነው። አትቆጡ፣ እሺም አትበሉ። ቀድማችሁ፣ ናሙናው ሲወሰድ፣ ታካሚውን ራሱን ለብቻው ጠይቁት፤ «ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ አብሮ እንዲሰማ የሚፈልጉት ሰው አለ?» አንዳንዱ «ለታላቅ ወንድሜ ንገሩት» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ልጆቹ ሳይሰሙ ማወቅ ይፈልጋል፤ ከብቱን የሚሸጥበት፣ የሚናዘዝበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ያለውን ካርዱ ላይ ጻፉት። የሚናገረውን ቋንቋ፣ ሊጾም ማሰቡን፣ ጸበል የሚሄድበትን ቦታ፣ ውጤቱ ለማን ይነገር እንዳለ። የማታ ተረኛው ሁሉንም እንደ አዲስ እንዳይጠይቀው፣ ይልቁንም ያልፈለገው ሰው ፊት እንዳይነግረው።