ሜምብሬኑ ምን ነካው? የዕፅ ኤክስትራክት የያዘ የቁስል መሸፈኛ ሲያስቸግር

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ። ኤክስትራክት (ከዕፅ የተወጣጣ ንጥረ ነገር) ያለበትን ሜምብሬን (ቁስል የሚሸፍን ስስ ሽፋን) ስትሠሩ፣ የሌለበትንም ጎን ለጎን ሥሩ። ከአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሳህን። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ባዶው ነው። እሱም ከተበላሸ ጥፋቱ የፖሊመሩ (ሜምብሬኑ የሚሠራበት ቁስ) ወይም የአሠራሩ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ኤክስትራክቱን ጠርጥሩ።

ሲደርቅ ነጠብጣብ ያወጣል

ማታ ስታፈሱት ጥርት ያለ ነበር። ጠዋት ሳህኑን ወደ ብርሃን ስታነሱት ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ኤክስትራክቱ የወጣው በኤታኖል፣ ፖሊመሩ የሟሟው ደግሞ በውኃ ከሆነ ይህ ያጋጥማል። ኤታኖሉ ቀድሞ ይተንና ውኃ የማይስማማቸው ሞለኪውሎች መጠጊያ ያጣሉ። ከዚያ ተሰባስበው ይረጋሉ። የእርዱ ኩርኩሚን በዚህ የታወቀ ነው።

መጠኑን በግማሽ ቀንሳችሁ እዩት። ኤክስትራክቱን አንዴ አትገልብጡት፤ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። እንቢ ካለ ትንሽ ፖሊሶርቤት 80 (ዘይትና ውኃን የሚያስማማ ንጥረ ነገር) ይረዳል። ግን እሱ ራሱ ሴል ሊጎዳ ስለሚችል ባዶው ላይም እኩል ይግባ። ኩርኩሚን ብርሃን ስለማይወድ ሳህኑን በፎይል ሸፍኑ።

ገና ሲቀላቀል ይጓጎላል

ይሄኛው ሌላ ነው፤ መድረቅን አይጠብቅም። ኤክስትራክቱ ታኒን (አፍ የሚያኮማትር የዕፅ ንጥረ ነገር) ከበዛበት፣ ፖሊመር ከሆኑት ከኪቶሳን ወይም ከጄላቲን ጋር ወዲያው ይያያዛል። ቆዳ በታኒን የሚለፋውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሁለቱንም አቅጥናችሁ ቀላቅሉ፣ ወይም ሌላ ፖሊመር፣ አልጂኔትን፣ ሞክሩ። ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያ) ለኩ፦ ኪቶሳን ከ6.5 ገደማ በላይ ሲሆን ያለ ታኒንም ይረጋል።

እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል

ማለስለሻው ግሊሰሪን አንሷል። ከደረቁ ፖሊመር ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ከበዛ ይጣበቃል፣ ያልበዋል።

ውኃ ሲነካው ይሟሟል

በአሴቲክ አሲድ የሟሟ ኪቶሳን ደርቆም ጨው እንደሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። የተለመደው መፍትሔ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ጠንካራ ቤዝ) መንከር ነው። ችግሩ፣ የዕፅ ፖሊፌኖሎች (እንደ ታኒን ያሉ ውህዶች) በቤዝ ውስጥ ኦክሳይድ ሆነው ይጠቁራሉ፤ ከፊሉም ታጥቦ ይሄዳል። ሜምብሬኑ ሊድን ሲል መድኃኒቱ ይጠፋል ማለት ነው። እኔ ብሆን ባዶውን ነክሬና አጥቤ ኤክስትራክቱን ኋላ አስመጥጠው ነበር። ፖሊመሩ ፖሊቪኒል አልኮል ከሆነ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ይሻላል፦ ሌሊት በ-20 ዲግሪ፣ ቀን ከፍሪዘር ውጪ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዙር። ለአልጂኔት ካልሲየም ክሎራይድ ይበቃዋል።

ሜምብሬኑ ሳይሟሟ ኤክስትራክቱ ብቻ በመጀመሪያው ሰዓት ወጥቶ እልቅ ካለ፣ ሲደርቅ ከውኃው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ገጹ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከላይ ስስ የባዶ ፖሊመር ንጣፍ አፍስሱበት።

ውጤቱ ከሚገባው በላይ ያምራል

ይህን እንደ ችግር የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ፣ በሜምብሬኑ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ሰፊ ክብ ታየ፤ ደስ ይላል። ባዶውም ክብ ካወጣ ግን የገደለው የተረፈው አሴቲክ አሲድ ሊሆን ይችላል። በደንብ አጥባችሁ፣ የታጠበበት ውኃ ገለልተኛ ሲሆን ድገሙት። በተቃራኒው ክብ አለመታየቱ ኤክስትራክቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ከፖሊመሩ ጋር ተጣብቆ ወደ አጋሩ (ባክቴሪያው ወደሚበቅልበት ጄል) ካልወጣ ክብ አይሠራም። እንዲህ ከሆነ ባክቴሪያውን ከሜምብሬኑ ጋር በፈሳሽ ውስጥ አቆይታችሁ ቁጠሩ።

የሴል ምርመራው ደግሞ የባሰ ያታልላል። አይኤስኦ 10993-5 (የሕክምና ዕቃ ሴል ይጎዳ እንደሆነ መመርመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ) በሕይወት ያለው ሴል ናሙና ካልነካው ሴል ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ናሙናውን ጎጂ ይለዋል። እናንተ ግን በኤምቲቲ (ሕያው ሴል ቀለሙን በሚቀይረው ማቅለሚያ) 140 በመቶ አገኛችሁ እንበል። ቢጫውን ኤምቲቲ ሐምራዊ የሚያደርገው ሕያው ሴል ብቻ አይደለም፤ ፖሊፌኖልም ያደርገዋል። ሴል በሌለበት የምርመራ ሳህን ጉድጓድ ውስጥ ኤክስትራክትና ኤምቲቲ ብቻ ጨምራችሁ ጠብቁ። ሐምራዊ ከሆነ፣ ሴሎቹን ኤምቲቲ ከመጨመራችሁ በፊት እጠቡ፣ ወይም ሕያው ሴል በሚመጠው ሌላ ማቅለሚያ፣ በኒውትራል ሬድ፣ ድገሙት።